ከአፈር ምርመራ እስከ ፕሬዝዳንት ወንበር

ከቁስቋም ተነሥተን በሽሮ ሜዳ አድርገን ወደ ስድስት ኪሎ ስንወርድ የምንረግጠው በብዛት ቀይ አፈር ነው። ወደ ቦሌና መካኒሳ ስንዘልቅ ግን ገበሬው መረሬ የሚለው ጥቁር አፈር ይቀበለናል። ይህ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቀላል ቤት ከተሠራበት ከፍ ዝቅ እያደረገ ግድግዳውን ይተረትረዋል። ባለቤቱም ግንበኛውን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከታች ነው። ስለዚህ ወይ አፈሩ ተጠርጎ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካል፣ ወይ መሠረቱ ጠልቆ ይወርዳል።

ይህን ያነሣነው በምክንያት ነው። ቁልቁል ከሚታየን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንቶች አንዱ የሙያ ሕይወታቸውን ለዚሁ ጉዳይ የሰጡ መሐንዲስ ነበሩ፤ ዶክተር ዓለማየሁ ተፈራ።

ዶክተር ዓለማየሁ በ1975 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በአኸን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የምርምር ሥራ ርዕሱ ሲሰሙት ያስፈራል፤ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። የሰፈር ግንበኛ ድጅኖውን መሬት ላይ ተክሎ «ይኼ ጠንካራ ነው» ይል የለም እንዴ? መሐንዲሱም ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ብረት ወደ መሬት እየሰደደ አፈሩ ምን ያህል እንደሚቋቋመው ይለካል። ጥያቄው ከዚህ ልኬት ተነሥቶ የአሸዋው ጥግግትና የቅንጣቶቹ እርስ በርስ ፍትጊያ እንዴት ይታወቃል የሚለው ነው። ቅንጣቱ ደቃቅና ሻካራ ሲቀላቀል መልሱ ይለወጣል። እሳቸውም የመረመሩት ይህንኑ ነው። ከመጫን በፊት መለካት ማለት ነው፤ የሙያው ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው።

ከእሳቸው በፊት ወንበሩ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸውን ሰዎች አይቷል። ዶክተር አክሊሉ ሀብቴ የእኛው ሙያ፣ የትምህርት ሰው ነበሩ፤ ዶክተር ዱሪ መሐመድ የኢኮኖሚክስ። መሐንዲሱ የመጡት ግን ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ፣ አገሩ ሁሉ ገና ባልረጋበት ጊዜ ነው። መሬቱ ሲያብጥ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ግቢ ሲያብጥስ በምን ይለካል?

ታኅሣሥ 26 ቀን 1985 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የኤርትራን ሕዝበ ውሳኔና የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊን ጉብኝት በመቃወም ሰልፍ ወጡ። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። በዚያው ዓመት ከ40 በላይ መምህራን ከሥራ ተባረሩ፤ ዕውቁ የቀዶ ጥገና ሐኪም ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ አንዱ ናቸው። የፕሬዝዳንትነቱም ቦታ ከዶክተር ዓለማየሁ ተወስዶ፣ ቀድሞም ይዘውት ለነበሩት ለዶክተር ዱሪ መሐመድ ተሰጠ።

እኛ ዶክተር ዓለማየሁ ጥሩ ፕሬዝዳንት ነበሩ አልነበሩም ብለን ለመፍረድ አልተነሣንም። ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ላልሞላ ሹመት፣ ያውም በዚያ ዘመን፣ ምን ፍርድ ይሰጣል? አንድ ነገር ግን ሳንል አናልፍም። ስለ ሕንፃ መሠረት አሠራር የጻፉት መማሪያ መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወንበሩ ላይ ሳሉ ማለት ነው! እጩ መምህራን ጓደኞቻችን «ጊዜ አጣን» ስንል ይህን ብናስብ ምናለ።

ከወንበሩ ከወረዱም በኋላ በ1999 እ.ኤ.አ. ከመስፍን ለይኩን ጋር የጻፉት የአፈር መካኒክስ መጽሐፍ በቴክኖሎጂ ፋኩልቲ በኩል ወጣ። በአገራችን ስለ መሠረትና ስለ አፈር የሚጻፉ የምህንድስና መመረቂያ ጽሑፎችን የገለጠ ሰው ሁለቱን መጻሕፍት በማጣቀሻው ውስጥ ደጋግሞ ያገኛቸዋል።