ከወታደር ጠመንጃ የአደን ጠመንጃ

በአሜሪካ ከሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ጀምሮ የተስፋፋው የአደንና የዒላማ ጠመንጃን በግል ወርክሾፕ የማበጀት ሙያ ዋና ምንጩ የጦር ሠራዊት ትርፍ መሣሪያ ነበር። ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር ያሻሻለውና እ.ኤ.አ. በ1898 የጀርመን ጦር የተቀበለው ጠመንጃ፣ መቀርቀሪያው (ጥይቱን ወደ ጓዳው አስገብቶ የሚዘጋው የብረት ዘንግ) ጠንካራና በቀላሉ የሚፈታ በመሆኑ በብዙ አገሮች ተኮረጀ፤ አሜሪካም ስፕሪንግፊልድ 1903 በተባለው ጠመንጃዋ ከዚሁ ንድፍ በመውሰዷ ለማውዘር ኩባንያ የፈጠራ መብት ክፍያ ከፍላለች። ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲጓዝ ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ሰደፉ በልኩ የተሠራለት ስፕሪንግፊልድ ነበር። ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሲያበቁ መጋዘን ያጣበቡ ጠመንጃዎችና መለዋወጫዎች በርካሽ ስለተሸጡ፣ ለሩዝቬልት በልዩ ትእዛዝ የተሠራው ዓይነት መሣሪያ ተራው አናጢና ገበሬ በትርፍ ጊዜው የሚያበጀው ሆነ።

ከተለያዩ ጠመንጃዎች የተሰበሰበ ክፍል ስለተገጣጠመ ብቻ አብሮ ይሠራል ማለት አይደለም። የአንዱ መቀርቀሪያ በሌላው ውስጥ ሲገባ፣ በተዘጋው መቀርቀሪያ ፊትና ቀለሃው በሚያርፍበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት ከተወሰነለት ልክ ካለፈ ቀለሃው ተቀዶ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ስለሚችል፣ ይህን ርቀት የሠለጠነ ባለሙያ በመለኪያ ሳያረጋግጥ እንዲህ ያለ ጠመንጃ አይተኮስም። የብረቱ ጤንነትም በዓይን አይታወቅም። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ የተሠሩና ተራ ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑ የ1903 ጠመንጃዎች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው፤ ሠራተኞቹ የጋለውን ብረት ሙቀት በቀለሙ ይገምቱ ስለነበር፣ ፀሐይ ደምቃ በዋለችበት ቀን ፍሙ ፈዞ እየታያቸው ብረቱን ከሚገባው በላይ አግለውታል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ እንደ ሸክላ ተሰባሪ ሆነው ወጥተዋል። ጉዳቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1917 አደጋዎች ከደረሱ በኋላ ሲሆን፣ ሙቀቱ በመሣሪያ መለካት የጀመረውና የማጠንከሪያው ዘዴ የተለወጠውም ከዚያ ወዲህ ነው። የጥንቱ ባለሙያ ዓይን የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን መለኪያን አይተካም።

የአበጂው ጥበብ ከሁሉ በላይ የሚገለጠው ግን በእንጨቱ ላይ ነው። ለሰደፍ የሚመረጠው ዋልነት የተባለው ዛፍ ሲሆን፣ ሳይከብድ ጠንካራ፣ ሲቀረጽ የማይፈረካከስና እርግጫን የሚችል ነው። የተሰነጠቀው እንጨት በጥላ ሥር ሲደርቅ በልማድ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይታሰብለታል፤ እርጥበቱ ሳይወጣ የተቀረጸ ሰደፍ ቆይቶ ይጣመምና አፈሙዙን ወደ አንድ ጎን እየገፋ ጥይቱን ከዒላማው ያስወጣል። የእንጨቱ ክሮች በሰደፉ አንገት፣ ማለትም እጅ በሚጨብጠው ቀጭን ቦታ ላይ፣ በርዝመቱ መሮጥ አለባቸው፤ አግድም ካቋረጡት አንገቱ ከእርግጫው ብዛት ይሰበራል። ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ለማዋደድ ባለሙያው ብረቱን ጥላሸት ይቀባና ወደ ተቦረቦረው ቦታ ይጫነዋል፤ ሲያነሣው ጥቁር ነጥብ ያረፈበትን ብቻ በመሮ ይፍቅና እንደገና ይጫናል፤ በመካከላቸው ክፍተት እስኪጠፋ ድረስ ይህን ደጋግሞ ያከናውናል። በመጨረሻ የተልባ ዘይት በስሱ እየተቀባ፣ እየደረቀና እየታሸ የእንጨቱ መልክ ይወጣል።

ቁርጥራጭ እንጨትም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ስስ ጣውላዎች በጠንካራ ሙጫ ተጣብቀው ሲጠነክሩ የአንዱን የመጣመም ዝንባሌ ሌላው ስለሚገታው፣ የተነባበረ ሰደፍ ከአንድ ወጥ እንጨት ይልቅ እርጥበትን ይቋቋማል። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ካራቢነር 98 በተባለው ጠመንጃቸው ላይ የተነባበረ እንጨት በብዛት ተጠቅመዋል። መልኩ ከዋልነት ውበት ባይደርስም ለሥራ ግን የታመነ ነው።

የርካሹ ዘመን በአሜሪካ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያ ከዓመታት በፊት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት የጣሊያን ካርካኖ ጠመንጃ በፖስታ የተገዛ ትርፍ መሣሪያ ስለነበር፣ በ1968 የወጣው ሕግ የፖስታ ሽያጩንና የጦር ትርፍ መሣሪያ ማስገባቱን አጠበቀ። ከዚያ በፊት በሺህ የሚቆጠሩ ታሪካዊ ጠመንጃዎች አፈሙዛቸው አጥሮ፣ ምልክታቸው ተፍቆ ቀርቷል፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች ላልተነካው የሚከፍሉት ከተበጀው ይበልጣል።

ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይነካል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅግ የተገዙት የማውዘር ዓይነት ጠመንጃዎች፣ የይሁዳ አንበሳ ምልክት የተቀረጸባቸውን ጨምሮ፣ ከሌሎች አሮጌ መሣሪያዎች ጋር ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ አሜሪካ ገበያ ገብተዋል፤ አንዳንዶቹ የተሰነጠቀ ሰደፋቸው በጥሬ ቆዳ ተጠፍሮ የተጠገነ ነው። በእንዲህ ያለው መሣሪያ ላይ መሮና መጋዝ ማንሣት ታሪክን መቁረጥ ነው፤ ለአበጂው የሚገባው አስቀድሞ የተቆረጠው፣ ሰደፉ የጠፋውና ምልክቱ የተፋቀው ነው፤ እንዲህ ያለውም እስካሁን በብዛት ይገኛል።