የቤት አረቄን ጣዕም ስለ ማሻሻል

አረቄ በገጠርም በከተማም በባለሙያ ሴቶች እጅ የሚወጣ መጠጥ ነው። ጌሾ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከበቆሎ፣ ከዳጉሳ ወይም ከማሽላ የተጋገረ ቂጣና ብቅል ይጨመርበታል፤ ድፍድፉም ከፈላ በኋላ በእሳት ተጥዶ ይወጣል። ሁለተኛ ጊዜ የወጣው ዳግም አረቄ ይባላል።

ጣዕሙን ለመለወጥ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም ከድፍድፉ ወደ አረቄው የሚሻገረው በእንፋሎት የሚነሣው ብቻ መሆኑ ነው። የጌሾ ምሬት በማሰሮው ይቀራል፤ የእንስላል ዘይት ግን ከእንፋሎቱ ጋር ስለሚነሣ ሽታው አብሮ ይወጣል። ስለዚህ እንስላል ከድፍድፉ ጋር ይጣዳል፤ ማር ግን ጣፋጭነቱ እንዳይጠፋ አረቄው ከወጣ በኋላ ይጨመራል። ግብጦ የሚዘፈዝፉም አሉ፤ ነገር ግን ምሬቱ መርዝነት ስላለው አስቀድሞ መቆላትና ውሃው እየተለወጠ ብዙ ቀን መዘፍዘፍ ይገባዋል።

ለሙከራ አረቄውን በትናንሽ ጠርሙሶች ከፍሎ በየጠርሙሱ አንድ ቅመም ብቻ መጨመር ይሻላል፤ ብዙው በአንድነት ከገባ ያሳመረውና ያበላሸው ተለይቶ አይታወቅም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ ግን ስለ ዕቃው ነው። አሮጌ የመኪና ራዲያተርና በእርሳስ የተበየደ ቱቦ እርሳስን ወደ አረቄው ይለቅቃሉ። እርሳስ በጣዕምም በሽታም አይታወቅም፤ ደምን፣ ኩላሊትንና አእምሮን ይጎዳል፤ ማናቸውም ቅመም አያረክሰውም። ሜታኖል የተቀላቀለበት አረቄም ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም። ስለዚህ ቅመም ከመምረጥ በፊት ዕቃውን መመርመር ተገቢ ነው።