ያለ ኖታ፣ ያለ ምት

ኖታ ሳይጻፍለት፣ ልምምድም ሳይደረግበት እዚያው ተመልካች ፊት የሚፈጠረው ሙዚቃ «ነፃ ፈጠራ» ይባላል። ታሪኩ ሲነሣ ቀድመው የሚጠሩት ስሞች የውጭ ናቸው። ኦርኔት ኮልማን በ1960 ማብቂያ ኒውዮርክ ውስጥ «ፍሪ ጃዝ»ን ቀረጸ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1965 ለንደን ላይ ኤኤምኤም የተባለው ቡድን ተቋቋመ። በ1967 ሚሻ ሜንግልበርግ፣ ሃን ቤኒንክና ቪለም ብሮይከር አምስተርዳም ላይ አይሲፒን መሠረቱ። እንግሊዛዊው ጊታር ተጫዋች ዴሬክ ቤይሊ በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ የሕንድን ሙዚቃ፣ ፍላሜንኮን፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋንን ሳይቀር ዳሷል፤ ለኢትዮጵያ ግን ምዕራፍ አልሰጣትም።

ምዕራፉ ቢጻፍ ኖሮ ከኮልፌ ቀራንዮ መጀመር ይችል ነበር። እዚህ፣ እንደ ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ፣ ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ የሚያዜሙ ላሊበሎች ይመጣሉ፤ ሐሚና የሚሏቸውም አሉ። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፤ መሣሪያ አይዙም። የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ በቤቱ የደረሰውን ደስታና ኀዘን ከጎረቤት ጠይቀው ይደርሱበታል፤ ከዚያ በዜማ እያዋዙ ያወርዱታል። የተሰጣቸው እንደሆነ ምርቃት ይከተላል፤ የዘገየባቸው እንደሆነ ግጥሙ መልኩን ይለውጣል። ካላዜሙ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚለው አፈ ታሪክ ለዘመናት አብሯቸው ኖሯል። ለዚሁ በሽታ በ1930ዎቹ የተከፈተው የልዕልት ዘነበወርቅ ሆስፒታል፣ የዛሬው አለርት፣ የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ በሰዎቹ ላይ የተለጠፈው አፈ ታሪክ ግን ጥበባቸውን ጋርዶባቸዋል። ሙዚቀኛ ብለን ሳንጠራቸው መኖራችን ያሳዝነኛል።

አዝማሪው በተሻለ ይታወቃል። ማሲንቆውን ይዞ እንግዶቹን እየቃኘ ስንኝ ይቋጥራል፤ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲሰጠው በዜማው ተቀብሎ ያወርደዋል፣ ካሻውም መልስ ይጨምርበታል። አስናቀች ወርቁ በክራር፣ አልቃሾች በለቅሶ ቤት የሠሩትም የዚሁ ዘመድ ነው። አውሮፓውያኑ ነፃነትን የፈለጉት ዜማንና ምትን በመጣል ነበር። የእኛዎቹ ቅኝቱን አልጣሉም፤ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲው ባቲ እንደሆነ ይቀጥላል። ነፃነታቸው ፊት ለፊታቸው ለተቀመጠው ሰው በዚያች ቅጽበት መልስ መስጠት ላይ ነው።

ምትን የለቀቀም ግን አለን፤ ሽለላና ቀረርቶ። ሸላዩ ከበሮ አይጠብቅም፤ የሐረጉን ርዝመት የሚወስነው የገዛ ትንፋሹ ነው። ይህን የጦር ሜዳ ድምፅ ወደ ሳክስፎን ያመጡት ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው። በ1935 ይፋት ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ተጫወቱ፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገብተው ክላርኔትና ሳክስፎን ያዙ። በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። ሲነፉ ድምፁ ይርገበገባል፣ ያጓራል፣ ድንገት ይጮኻል፤ ፉከራውን ቃል በቃል የሚሰሙ ይመስላል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተቀረጸው ሥራቸው በ2003 ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው የኢትዮፒክ ተከታታይ 14ኛ አልበም ሆኖ ሲወጣ የውጭ አድማጮች ኮልማንን፣ ይልቁንም አሜሪካዊውን ሳክስፎኒስት አልበርት አይለርን አስታወሱ። ማስታወሳቸው አይገርምም። «የኢትዮጵያው አይለር» ማለት ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። አይለር የመጀመሪያ ቅጂውን ያደረገው በ1962 ነው፤ ጋሽ ጌታቸው ግን ያኔ በቴአትሩ ኦርኬስትራ ውስጥ ዓመታትን ቆጥረዋል፣ ሽለላውም ከይፋት ምድር እንጂ ከአሜሪካ ሸክላ የመጣ አልነበረም።

ሁለቱ መንገዶች ዘግይተው ተገናኙ። ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ባንድ በ2004 የ25ኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር ጋሽ ጌታቸውን ወደ አምስተርዳም ጋበዘ፤ እዚያም ከአይሲፒ ሰዎች ጋር መድረክ ተጋሩ። ቀጣዩን አልበም ከዘ ኤክስ ጋር ለመሥራት የጠየቁት ራሳቸው ነበሩ፤ «ሞዓ አንበሳ» በ2006 ወጣ። ሰባ ዓመት የሞላቸው አዛውንት፣ ጊታራቸው እንደ ብረት ከሚንኳኳ ሰዎች መካከል ቆመው ሽለላቸውን አንድም ሳያለዝቡ ነፉ። በ2016 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ሙዚቃቸውን የሚያውቁ አድማጮች በአውሮፓ አላጡም።

ከእርሳቸው ወዲህ መስመሩ አልተቋረጠም። መሰለ አስማማው በኤሌክትሪክ ክራር ከስዊድናዊው ሳክስፎኒስት ማትስ ጉስታፍሰንና ከኖርዌያዊው ከበሮ መቺ ፖል ኒልሰን ሎቭ ጋር ያደረገው ቅጂ ክራሩን እስከ ጩኸት ድረስ ይገፋዋል፤ ጆሮ ለለመደ ሰው ግን ቅኝቱ ከሥር ይሰማል። የሚያሳስበኝ የላሊበሎቹ ነገር ነው። የአዝማሪ ቅጂ በካሴትም በሲዲም ይገኛል። የላሊበላ ዜማ ግን የጥቂት ተመራማሪዎች ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል፤ ኮንዶሚኒየም በበዛባቸው የኮልፌ መንደሮች ደግሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ለተኛ ሰው ከታች የሚያዜም እንዴት ይሰማዋል? የጎረቤቱን ስም የሚነግራቸውስ ማነው?