ወረፋ የማይሠራበት ክፍል

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ ለአእምሮ ሕክምና ታስቦ የተሠራው የየካ ክፍለ ከተማው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የወረርሽኙ ሕክምና ማዕከል ሆነ። ከሐኪሞች ውጭ ብዙም የማይነሳው «ጽኑ ሕሙማን» የሚለው የክፍል ስምም ታክሲ ውስጥ ይወራ ጀመር።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ራሱ የወረርሽኝ ልጅ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውስጥ ፖሊዮ ሰዉን ትንፋሽ ሲያሳጣው፣ ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የማደንዘዣ ሐኪም የሕመምተኞቹ የአየር ቧንቧ ተበስቶ ቱቦ እንዲገባ አደረገ፤ የሕክምና ተማሪዎች ደግሞ ሌት ተቀን እየተፈራረቁ አየሩን በእጃቸው ገፉ። ዛሬም የመተንፈሻ ማሽን (ቬንቲሌተር) በጠፋበት ቦታ አምቡ ባግ የሚባለውን የአየር ከረጢት ሲጨምቅ የሚያድር አስታማሚ አለ።

«አልጋ የለም» ሲባል የጠፋው ብረቱና ፍራሹ አይደለም። ቬንቲሌተር፣ ኦክስጅን፣ የማይቋረጥ መብራት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓይኗን ከሕመምተኛው የማትነቅል ነርስ ናት።

ታዲያ አንድ አልጋ ለሁለት ሰው ሲደርስ ማን ይግባ? ዳቦ ቤት ወረፋ ፍትሕ ነው። እዚህ ግን «ቀድሞ የመጣ» ማለት ብዙ ጊዜ መኪና ያለው ማለት ነው፤ ከእንጦጦ ዳገት በሰው ትከሻ የወረደችው እናት ዘግይታ ትደርሳለች። ዘመድ ያለው የሚያስደውለው ስልክማ ባይነሳ ይሻላል።

በወረፋ ፈንታ ሐኪሞች ሶፋ የሚሉት የሕመም ክብደት መለኪያ ነጥብ አላቸው (ከሳሎኑ ሶፋ ጋር ዝምድና የለውም)። ሳንባ፣ የደም መርጋት፣ ጉበት፣ የደም ዝውውር፣ አእምሮና ኩላሊት እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 4 ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ እስከ 24 ይደርሳል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን የመሞት አደጋው ይከብዳል። ችግሩ፣ የተቀመረው የሕመምተኞችን ሁኔታ ለመግለጽ እንጂ አንዱን ከሌላው ለመምረጥ አልነበረም። ኩላሊቱ ቀድሞ የደከመ ሰው ዕዳ ይዞ ይጀምራል፤ የላቦራቶሪ ውጤት ከዘገየም ነጥቡ አብሮ ይዘገያል።

የሁለቱ ሰዎች የመዳን ተስፋ እኩል ከሆነ እኔ ዕጣ እመርጣለሁ። እቁብ የሚጥል ሰው ዕጣን አይንቅም፤ ዳኛው ዓይን አይቶ አላደላም ማለት ነውና።

ከማስገባቱ ይልቅ ማስወጣቱ ይከብዳል። የኒው ዮርክ ግዛት የ2015 እ.ኤ.አ. መመሪያ ቬንቲሌተር የተሰጠው ሰው በ48ኛውና በ120ኛው ሰዓት ዳግም እንዲመዘን ይመክራል፤ ማሽኑ ይቀጥል ወይስ ይነሳ የሚለውን ውሳኔም የሚያክመው ሐኪም ሳይሆን ሌላ ሰው ይሰጣል። ሁለተኛውን ነጥብ እወደዋለሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያከመ ሐኪም ጠዋት ፈራጅ አይሆንም። ቤተሰቡ ግን ቀነ ገደቡን መስማት ያለበት በ48ኛው ሰዓት ሳይሆን ቱቦው በገባበት ሰዓት ነው። አልጋ ላላገኘውም ኦክስጅኑ፣ የሕመም ማስታገሻውና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አይከለከሉትም።