የአውቶሞቢልን ኦክሲጅን ሴንሰር በቤት ስለ መመርመር

የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት በበራ ጊዜ አያሌ ባለመኪኖች ኦክሲጅን ሴንሰር የተባለውን መሣሪያ ወዲያው አስነቅለው አዲስ ይገዛሉ። ጥፋቱ ግን አንዳንድ ጊዜ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም የተበጠሰ ሽቦ ሆኖ ይገኛል፤ ለቤት ቀለብ የሚሆነውም ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል። ስለዚህ ከመግዛት አስቀድሞ መመርመር እንደሚገባ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

ይህ መሣሪያ በእንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በቮልቮ አውቶሞቢል ላይ ሥራ ጀመረ። በጢሱ መውጫ ቧንቧ ላይ ተተክሎ ከቃጠሎ የተረፈውን ኦክሲጅን ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል፤ ኮምፒውተሩም የቤንዚኑን መጠን በዚያው ያስተካክላል። ሥራውን በሚገባ የሚሠራው 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲግል ስለ ሆነ ቶሎ እንዲሞቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በውስጡ ተደርጎለታል።

ባለ 4 ሽቦው እንዲህ ይመረመራል። ሞተሩ ጠፍቶ ቧንቧውም ከበረደ በኋላ ሶኬቱ ይነቀላል። ቀለማቸው አንድ የሆነው 2 ሽቦዎች አብዛኛውን ጊዜ የማሞቂያው ናቸው። ቴስተሩን በኦም ላይ አድርጎ በሴንሰሩ በኩል ያሉትን እነዚህን መለካት ነው። ጥቂት ኦም ቢያሳይ ማሞቂያው አልተቃጠለም፤ ምንም መስመር ባያገኝ ተበጥሷል። ትክክለኛው ልክ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ይገኛል። የምልክቱን ሽቦ ግን በኦም መለካት አይገባም፤ መሣሪያውን ሊጎዳው ይችላል። ማሞቂያው ደኅና ሆኖ ሳለ የባትሪው ኃይል የማይደርሰው ከሆነ፣ በመጀመሪያ ፊውዙ ይታይ።

ቀጥሎ ሶኬቱን መልሶ ሞተሩን በሚገባ ማሞቅና ቴስተሩን በቮልት ላይ አድርጎ የምልክቱን ሽቦ መለካት ነው። ከካታሊስቱ በፊት ያለው ደኅና ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ሳያቋርጥ ከፍ ዝቅ ይላል። በአንድ ቁጥር ላይ ቢቆም ሴንሰሩ ይጠረጠራል፤ ነገር ግን አየር የሚያስገባ ቀዳዳም እንዲሁ ሊያደርገው ስለሚችል እርሱም ይፈተሽ።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው ግን ይህ ነው። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ከቶ አይነሣ። ከጢሱ ጋራ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል። ምርመራው በሜዳ ይሁን፤ ልጆችም ከጋለው ቧንቧ ይራቁ። የመለዋወጫ ዋጋ ተሠርቶ ይመለሳል፤ የቤተ ሰብ ሕይወት ግን አይመለስም።