የምሽት ምግብ ንግድ ፈቃድ በወላይታ ሶዶ

የምሽት ምግብ ንግድ ፈቃድ ማለት ከመሸ በኋላ የበሰለ ምግብና ትኩስ መጠጥ ለሚሸጡ ቤቶች፣ በተለይም ገዢው ይዞት የሚሄደውን ምግብ ለሚያዘጋጁት፣ የአካባቢ አስተዳደር የሚሰጠው ፈቃድና የሚያደርገው ቁጥጥር ነው። በኢትዮጵያ የፌዴራል የንግድ ሕግ ለምሽት ምግብ ተለይቶ የወጣ ፈቃድ የለም። በቀን ምሳ የሚሸጥ ምግብ ቤትም ሆነ በምሽት ቺፕስና ሳንድዊች የሚጠቀልል ቤት የሚያወጡት ተመሳሳይ የንግድ ፈቃድ ነው። የምሽቱን ንግድ የሚመለከቱት ሌሎች ግዴታዎች በጤና፣ በሥራ፣ በአካባቢ ጥበቃና በጸጥታ ሕጎች ውስጥ ተበታትነው ይገኛሉ።

ከተማዋና የምሽት ገበያዋ

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የምትገኝ የወላይታ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 76,050 ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ የአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች።

ከሻሸመኔ፣ ከሆሳዕና፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሳውላና ከጅማ የሚመጡ መንገዶች የሚገናኙት በዚህች ከተማ ነው። በዚህ ምክንያት አመሻሽ ላይ የሚደርስ መንገደኛ አይጠፋባትም። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሆስፒታል ሌሊቱን የሚያድሩ አስታማሚዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮችና የጥበቃ ሠራተኞችም ከመደበኛው የእራት ሰዓት በኋላ ምግብ ይፈልጋሉ። ለእነዚህ ሰዎች የምሽት ምግብ ከመዝናኛ ይልቅ የዕለት ፍላጎት ነው።

የሕግ መሠረት

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ በኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 67፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 686/2002 ሲመራ ቆይቷል። እነዚህን የተካው አዋጅ ቁጥር 980/2008 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1150/2011 ተሻሽሏል። የፌዴራሉ ሕግ ለመላ አገሪቱ ይሠራል፤ ለአንድ ምግብ ቤት ፈቃድ የመስጠቱና የማደሱ ሥራ ግን በክልል፣ በዞን፣ በከተማና በወረዳ የንግድ መዋቅር በኩል ይከናወናል።

አመልካቹ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያወጣል፣ በንግድ መዝገብ ይመዘገባል፣ የሥራ መስኩን ይመርጣል፣ የሚሠራበትን ቤት አድራሻም በይዞታ ማረጋገጫ ወይም በኪራይ ውል ያስረዳል። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ያለ ቅጣት የሚታደሰውም ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ነው። ነጋዴው ፈቃዱን በግልጽ በሚታይ ቦታ መስቀል አለበት፤ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይችልም። ያለ ፈቃድ መነገድ በገንዘብና በእስራት ያስቀጣል። የዋጋ ዝርዝር ለሸማቹ በሚታይ ቦታ መለጠፍም በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የተጣለ ግዴታ ነው።

ጤናና ንጽሕና

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የምግብ ደኅንነትን የሚመለከት ሲሆን፣ ምግብ ቤቶችን በየአካባቢው የሚቆጣጠሩት የክልልና የከተማ ጤና ተቋማት ናቸው። ተቆጣጣሪዎች ውኃን፣ መጸዳጃ ቤትን፣ የዕቃ ማጠቢያንና የቆሻሻ አወጋገድን ያያሉ። ምግብ የሚያዘጋጁና የሚያቀርቡ ሠራተኞችም የሰገራ ምርመራን ጨምሮ የጤና ምርመራ ያደርጋሉ።

ለምሽት ሻጭ ከባዱ ነገር ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ፣ ትኩሱም ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ እንዲጠበቅ ይመክራል። ከሰዓት በኋላ ተጠብሶ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገዢ የሚጠብቅ ሳንቡሳ ይህን መመዘኛ ለማለፍ ይቸግረዋል። በወላይታ ታዋቂ የሆነው ጥሬ ሥጋም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በቄራ ታርዶ በባለሙያ ያልታየ ሥጋ ለኮሶ ትል ያጋልጣል።

ይዞ ለሚሄድ ገዢ ምግቡ የሚቀርበው በመጠቅለያ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን ስለሚከለክል፣ ፌስታል የለመዱ ሻጮች ወደ ወረቀትና ወደ ሌላ መያዣ መዞር ይኖርባቸዋል።

የሥራ ሰዓት

የንግድ ፈቃድ ምስክር ወረቀት የነጋዴውን ስም፣ የሥራ መስኩን፣ አድራሻውንና ካፒታሉን ይይዛል፤ የመዝጊያ ሰዓት አይጻፍበትም። በኢትዮጵያ የምሽት ንግድን ሰዓት ሲወስኑ የቆዩት በአብዛኛው ሌሎች ውሳኔዎች ናቸው። በደርግ ዘመን በአዲስ አበባ የሰዓት እላፊ ገደብ ለዓመታት ጸንቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም የምግብ ቤቶችን አገልግሎት ገድቧል።

አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም. በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዳለች። የከተማው አስተዳደር በኮሪደር ልማት መንገዶች ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3፡30 ክፍት እንዲሆኑ ግዴታ ጥሏል።

የምሽት ሠራተኞች

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ 1.75 እጥፍ ይከፈላል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ወጣት ሠራተኞችን በእነዚህ ሰዓታት ማሠራት የተከለከለ ነው።

በሌሎች አገሮች

በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የፈቃድ ሕግ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ትኩስ ምግብ ወይም መጠጥ ለሕዝብ የሚሸጥ ሁሉ ከአካባቢው ምክር ቤት ልዩ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዛል። ምክር ቤቱ ማመልከቻውን የሚመዝነው በአራት ነጥቦች ነው፤ እነርሱም ወንጀልን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ የአካባቢ ሰላም እንዳይታወክ ማድረግ እና ሕፃናትን ከጉዳት መጠበቅ ናቸው። ጎረቤቶች መቃወሚያ ማቅረብ ይችላሉ፤ ምክር ቤቱም የመዝጊያ ሰዓት ሊወስን ይችላል። በመንገድ ላይ ለሚሸጡ ደግሞ ከቤት ሳይሆን ከተወሰነ መንገድ ጋር የተያያዘ ሌላ ፈቃድ አለ።

አድራሻ የሌላቸው ሻጮች

በኢትዮጵያ የንግድ ፈቃድ ከቋሚ አድራሻ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ በከሰል ምድጃ በቆሎ የሚጠብሱ፣ በሳፋ ሳንቡሳና ፓስቲ ይዘው የሚቀመጡ ወይም በጋሪ ድንች የሚጠብሱ ሻጮች ማመልከቻውን ገና ሲጀምሩ ይሰናከላሉ። ከእነዚህ ሻጮች ብዙዎቹ ሴቶችና ወጣቶች ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት አለው። የከተማ አስተዳደርም በበኩሉ የእግረኛ መንገድን ክፍት የማድረግና የሸማቹን ጤና የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት።

ፈቃድ የሌለው ሻጭ ዕቃው ቢወረስበት ራሱን የሚከላከልበት ሰነድ የለውም፤ በንግድ ፈቃድ ብድር መጠየቅም አይችልም። በመዝገብ ስለማይገኝም የጤና ተቆጣጣሪ ሊከታተለው ይቸገራል። ስለዚህ አድራሻን የሚጠይቀው ሥርዓት ቁጥጥር በጣም የሚያስፈልገውን የምግብ ንግድ ክፍል ከቁጥጥር ውጭ ያስቀረዋል። በዚህም ሻጩም ገዢውም ይጎዳሉ።