ክፉ ቀን ሳይመጣ ስለሚዘጋጅ ርዳታ

መከራ ሲመጣ ቀጠሮ አይሰጥም። ሞት፥ ደዌ፥ ረሃብና ቃጠሎ ሰውን የሚያገኙት ባላሰበበት ሰዓት ነው፤ በዚህ ነገር ባለጸጋውና ድኻው እኩል ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው ከመከራው በኋላ ነው፤ አንዱ ወድቆ የሚያነሣው ያገኛል፥ ሌላው ግን እንደ ወደቀ ይቀራል። በባላገር የሚኖር ሰው ቤቱ ቢቃጠልበት ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ዕንጨት ቆርጠው፥ ሣር አጭደው፥ በደቦ መልሰው ይሠሩለታል። ከዘመዶቹ ርቆ በከተማ ለሚኖር ሰው ግን በክፉ ቀን ወገን የሚሆነው ማን ነው? ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ፥ ይልቁንም በመርካቶ ገበያ፥ እጅግ የጎላ ነው።

የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። ኢጣልያ ኢትዮጵያን ወርሮ በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ገበያው ወደ ምዕራብ፥ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደሚባለው ሰፈር እንዲዛወር ተደረገ። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ በኢጣልያ ቋንቋ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ጉራጌው፥ ዶርዜው፥ አማራው፥ ኦሮሞው፥ ስልጤውም ከየአገሩ እየመጣ በዚያ ይነግዳል፥ ይሸከማል፥ ልብስ ይሰፋል፥ ብረት ይቀጠቅጣል። ሸማው በሸማ ተራ፥ ቆርቆሮው በቆርቆሮ ተራ ይሸጣል። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ሰው ብዙው እናት አባቱንና የአባቶቹን መቃብር በሩቅ አገር ትቶ የመጣ ነው። በመርካቶ የማይሸጥ ዕቃ የለም ይባላል፤ ቢታመም የሚያስታምም፥ ቢሞት የሚቀብር ወገን ግን በገንዘብ አይገዛም።

በዚህ ገበያ ውስጥ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከእርሱም ብዙ ሳይርቅ የአንዋር መስጊድ ይገኛል። የቅዱስ ራጉኤል ዓመታዊ በዓል በዘመን መለወጫ፥ መስከረም 1 ቀን ይከበራል። በኦርቶዶክስ አድባራት ዘንድ እንደ ተለመደው ምእመናን በሰንበቴና በማኅበር ይተሳሰራሉ። ሰንበቴ ማለት በእሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ አባሎቹ በየተራቸው እንጀራና ዳቦ፥ ጠላም አምጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በአንድነት የሚቀምሱበት ነው፤ ከማዕዱም ለካህናትና ለነዳያን ይሰጣል። ማኅበር ደግሞ በአንድ ቅዱስ ስም የተሰበሰቡ ሰዎች በወር አንድ ቀን፥ በተረኛው አባል ቤት የሚገናኙበት ነው።

ነገሩን ከውጭ የሚመለከት ሰው የመብልና የመጠጥ ጉዳይ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን በማዕዱ ላይ ያልተገኘ ሰው ወዲያው ይታወቃል። «እገሌ ዛሬ ምነው ቀረ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ታሞ እንደ ሆነ የሚጠይቁት ይሄዳሉ፤ እጅ አጥሮት እንደ ሆነ ተራውን ሌላ ይይዝለታል። ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት የጎደለውን ሰው ማወቅ ያስፈልጋልና፥ በየወሩ ፊት ለፊት መተያየት የርዳታ ሁሉ መጀመሪያ ነው።

ለዚህ ተመሳሳይ የሆነው ዕድር ነው። ዕድር በቤተ ክርስቲያን ዙሪያም፥ በሰፈርም ይቋቋማል፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድነት የሚያቆሙት ዕድርም አለ። አባሉ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይከፍላል፤ ዳኛ፥ ጸሓፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፤ ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበር፥ ድስትና ሳሕን በጋራ ይገዛል። ሞት በተሰማ ጊዜ ጥሩምባ ይነፋል። ሐዘንተኛው ማንንም ሳይለምን ድንኳኑ በደጁ ይተከላል፤ ለቀብሩ ገንዘብ ይደርሰዋል፤ ምግብ ይመጣለታል፤ አባሎቹም እስከ ሦስተኛው ቀን አብረውት ይቀመጣሉ። ይህን ሁሉ ሲቀበል አያፍርም፤ በደኅና ቀን ከሌሎች ጋር ያስቀመጠው ተመልሶለታልና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው በእንዲህ ያለ ጊዜ እውነት ይሆናል።

አስቀድሞ ያልተዘጋጀ ሕዝብ ምን እንደሚያገኘው አዲስ አበባ አይታለች። በኅዳር 1911 ዓ.ም.፥ መርካቶ ገና ሳይኖር፥ ዓለሙን ሁሉ የዞረው ተላላፊ በሽታ ወደ ከተማው ገባ፤ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ አለው። በአንድ ቤት ያሉት ሁሉ በአንድነት ይተኙ ስለ ነበር ውሃ የሚያቀብል እንኳ ይጠፋ ነበር። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። መቃብር የሚቆፍር ሰው ስላነሰ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽር ብዙ ሰው በአንድ ጉድጓድ ተቀበረ። የከተማው ሰው ኅዳር 12 ቀን ጥራጊውን ሰብስቦ የሚያቃጥለው፥ ኅዳር ሲታጠን የሚባለውም፥ የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው።

ከ101 ዓመት በኋላ፥ በመጋቢት 2012 ዓ.ም.፥ ኮሮና የተባለው በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በአዋጅ ስለ ተከለከለ ማኅበሩም፥ የሐዘን ድንኳኑም ችግር ገጠማቸው። ሆኖም የስም መዝገቡና የተጠራቀመው ገንዘብ አልጠፋም ነበር፤ ሽማግሌው፥ ሕመምተኛው፥ የዕለት እንጀራ ያጣው ማን እንደ ሆነ በመዝገብ ታውቆ እህልና ዘይት በየቤቱ ያደረሱ ዕድሮች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ይህ መልካም ሥርዓት አንድ ጉድለት አለው፤ መዝገቡ የሚያውቀው ስሙ የተጻፈውን ሰው ብቻ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ተነሣ። መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ እሳት አጥፊዎቹ በብዙ ተቸገሩ፤ የብዙ ነጋዴዎችም ንብረት ወደመ። በእንዲህ ያለ ቀን የሱቁ ጌታ ጥሪቱን ያጣል፤ ከደጁ ቆሞ ሸክም ይጠብቅ የነበረው ሰው ደግሞ የዕለት ጉርሱን ያጣል። ነጋዴው ማኅበርም ዕድርም ይኖረዋል። የወር መዋጮ ለመክፈል ያልቻለው ተሸካሚ ግን በማን መዝገብ ይገኛል?

ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በሐዋርያት ሥራ ተጽፎ ይገኛል። በአንጾኪያ የነበሩ ክርስቲያኖች ረሃብ እንደሚመጣ አጋቦስ ከሚባል ነቢይ ሰሙ፤ ረሃቡም በቄሣር ቀላውዴዎስ ዘመን ሆነ። እነዚህ ሰዎች እያንዳንዳቸው እንደ ዐቅማቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ በይሁዳ ወዳሉት ወንድሞች ላኩ። በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፥ ርዳታውን ያሰቡት ወሬውን በሰሙ ጊዜ እንጂ ሬሳ ባዩ ጊዜ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ የይሁዳ ድኾች ለአንጾኪያ ማኅበር መዋጮ ከፍለው አያውቁም፤ ሆኖም ማንም መዝገብ ገልጦ ስማቸውን አልፈለገም።

እንግዲህ አንድ የክርስቲያን ማኅበር ሁለት ሥራ አለበት። ፊተኛው አባሎቹን በደኅና ቀን ማስተሳሰርና ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ነው፤ ይህን ኢትዮጵያውያን ከአባቶቻቸው ተምረውታል። ኋለኛው ከተቀመጠው ላይ ስሙ ላልተጻፈው መክፈል ነው፤ ይህ ግን የሚከብድ ነው፥ ከእርሱ ዘንድ ብድር የሚመለስ አይመስልምና። ከሰንበቴው ማዕድ ለነዳያን የሚሰጠው ቁራሽ ይህንኑ ያስታውሳል፤ ተቀባዩ ተራ ይዞ ድግስ አያወጣም፥ ነገር ግን ድርሻው አይቀርበትም።

ስለዚህ የወር መዋጮውን የሚከፍል ሰው ሁሉ ሳንቲሙን ሲቆጥር ከአጠገቡ መክፈል የማይችለው ማን እንደ ሆነ ቢጠይቅ መልካም ነው። የዚያን ሰው ስም አስቀድሞ ያወቀ ማኅበር ጥሩምባው በተነፋ ቀን ወደ ማን ደጅ እንደሚሄድ አይቸገርም።